ደከመኝ የሚባለው ውሻ

በእኛ ሰፈር ለውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው ተብሎ አይደለም። ውሻማ በፉጨትም ይመጣል። ስሙ ለጎረቤት ነው፣ ለወንድም ነው፣ ለባል እናት ነው። ፊት ለፊት ብትናገረው ሽማግሌ ተሰብስቦ የሚያስቀጣህን ነገር፣ ውሻህን የጠራህ መስለህ በጠዋቱ በአጥር ላይ ትለቀዋለህ። የሚመለከተው ሰው ይሰማል፤ ግን "ምን አልከኝ?" ብሎ ሊጠይቅህ አይችልም። ምን ሊል? ውሻህን ነው የጠራኸው። እኔ ራሴ ማቀዝቀዣ በገዛሁ ዓመት "ቅናት ነው" የሚባል ውሻ ነበረኝ። እስኪሞት ድረስ ጧትና ማታ ስጠራው ኖሬያለሁ፤ ማን እንደምትሰማኝ እኔም እሷም እናውቃለን።

አሁን የማወራው ግን ስለዚያች ስለምታውቀው ሳይሆን በግራ በኩል ስለምትጎራበተኝ ስለ ማይ ቼንጌቶ ነው። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ራቲድዞ ነው። ግን ቼንጌቶን ከወለደች ወዲህ በዚያ ስም የጠራት ሰው የለም፤ የቼንጌቶ እናት ሆና ቀረች፣ እኔም የንያራይ እናት ማይ ንያራይ ሆኜ እንደቀረሁት። ዳንጋምቩራ ሰፈር ውስጥ፣ ከሙታሬ ከተማ ኮረብታ ጀርባ፣ አጥራችን አንድ ነው። አጥር ከምለው ሽቦ ብለው ይሻላል፤ እኔ ዶሮ ስበልት እሷ ታየኛለች፣ እሷ ልብስ ስታሰጣ እኔ አያታለሁ።

ማይ ቼንጌቶ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከዚህ እስከ ከተማው መሐል ድረስ እንደሷ የሚሰፋ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። የሽንሽኗ መስመር መቶ ጊዜ ቢታጠብ አይጠፋም። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ልጅ ቦርሳዋን አዝላ ስትሄድ ካየሁ "ይሄ የማይ ቼንጌቶ እጅ ነው" እላለሁ፤ ተሳስቼ አላውቅም። ሌላው ሰፊ ጨርቅ ለመቆጠብ ጠርዙን አንድ ጣት ያጥፋል፤ እሷ ሦስት ጣት አጥፋ ነው የምትሰፋው። አንዴ አንዲት እናት እኔ ፊት "ጨርቄን በላሽው፣ ለቀሚስ ሁለት ሜትር ሰጥቼሽ እንዴት እዚህ ድረስ ብቻ ይደርሳል?" ብላ መጣችባት። ማይ ቼንጌቶ አልተቆጣችም። ቀሚሱን ገልብጣ የታጠፈውን አሳየቻትና "ይኸው ጨርቅሽ፣ እዚህ ተኝቷል። ልጅሽ ስታድግ ቀስቅሺው" አለቻት። ሴትዮዋ አፍራ ሄደች፤ በዓመቱ ሁለተኛ ልጇን ይዛ ተመለሰች።

እንግዲህ ሥራ ብቻ ቢሆን ማንም ይችለዋል። ባሏ ከቤይራ ወደብ ድንበር ተሻግሮ እስከ ሉቡምባሺ የጭነት መኪና ይነዳል፤ በወር አራት ቀን ቤቱ ካደረ ብዙ ነው። ልጇ ቼንጌቶ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ድመቷን ለእናቷ ትታ። ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ አማቷ ሴኩሩ ማንዴያ፣ ሴኩሩ ማለት አያት ነው፣ ሚስታቸው ሲሞቱባቸው ከገጠሩ ከንያንጋ መጡ። ቁመታቸው እንደ ባሕር ዛፍ፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይወርድ፣ ድሮ አዳኝ የነበሩ ሰው ናቸው። አንድ ሻንጣና ሁለት ውሻ ይዘው ነው የመጡት። የአንደኛው ውሻ ስም "አትወዱኝም" ነው፤ በመሬት ለተጣሏቸው ወንድሞቻቸው የወጣ። ሁለተኛዋ "ሰው አይረካም" ትባላለች፤ ይቺ ለማን እንደሆነች ዛሬም አይናገሩም። ከኔ ጋር የተዋወቁት አትወዱኝም ሁለት ዶሮ የበላብኝ ዕለት ነው። ልጣላቸው አጥሩ ጋ ብሄድ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው "እናቴ፣ ውሻው ስሙን እውነት ሊያደርግ ፈልጎ ነው" አሉኝ። ሳቄ መጣና ቁጣዬ አመለጠኝ።

ምራት ለአማቷ እንዴት እንደምትሆን የሚያውቅ ያውቃል። ሳህኑን ተንበርክካ ነው የምታቀርበው። የእጅ መታጠቢያውን ተንበርክካ ነው የምትይዘው። እሳቸው ወደ መኝታ ክፍሏ ደጃፍ እንኳ አይጠጉም። "አልቻልኩም" የሚባል ቃል በሁለቱ መካከል የለም። ሴኩሩ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ እንደ ደግ ሽማግሌ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ ምግቡም ይመጣል። እንዲህ ነው ያደጉት፣ እሷም እንዲሁ።

ታዲያ ማይ ቼንጌቶ ጎህ ሳይቀድ ባልዲዋን ይዛ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጉድጓድ ጋ ተራ ትይዛለች፤ የቧንቧ ውሃ እንደሆነ እንደ ዘመድ ነው፣ ሲፈልግ ይመጣል። ተመልሳ የሴኩሩን መታጠቢያ ታሞቃለች፣ ገንፎአቸውን ትሠራለች። በትልቁ ድስት የውሾቹን ሳድዛ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ በፉሽካና በደረቅ ዓሣ ጭንቅላት ታገነፋለች፤ ሽታው እኔ ቤት ድረስ ይደርሳል። የቼንጌቶ ድመት ደግሞ ዓሣውን ካልለዩላት አትበላም፣ ንግሥት ናት። ከዚያ ግቢ መጥረግ፣ ልብስ ማጠብ፣ ሴኩሩን ተንበርክኮ "እንዴት አደሩ" ማለት፣ ከዚያ ስፌት። ማሽኗ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ነው ያለው፣ የፊተኛውን ክፍል ሴኩሩ ስለያዙት። ቀትር ላይ ዚፕና ክር ልትገዛ ገበያ ትሮጣለች። ሐሙስ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ስብሰባ አለ፤ እሱንም አታስቀርም፣ ጸሐፊ ናታ። ለደም ግፊት የታዘዘላት ክኒን ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው፤ እሷ ደግሞ የምትበላው ሁሉም ከበላ በኋላ፣ ሲረፍድ ነው። ክኒኑን እንዳትረሳው ብላ የቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠችው። አንድ ቀን ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ልትተክል አንዱን አንሥታ ቀዳዳውን ስትፈልግበት ደረስኩባት። "አንቺ፣ ይሄማ የሚዋጠው ነው!" አልኳት። እስኪያስነባት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ አሁን ሳስበው የሚያስቅ አልነበረም።

ውሻዋ ሰው አይረካም የወለደች ጊዜ ነው ነገሩ የመጣው። ቡችሎቹን ሰው ወሰዳቸው፣ አንድ ወንድ ቡኒ ቡችላ ቀረ። ማይ ቼንጌቶ "ይሄስ የኔ ነው" አለች። ሁላችንም ገረመን፤ ሁለት ውሻ፣ ድመትና ሽማግሌ ያላት ሴት ምን ሲደረግ ሦስተኛ ውሻ ትፈልጋለች? በማግስቱ ሴኩሩ ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ ሻያቸውን ተንበርክካ ስታቀርብ ሰማኋቸው።

"ምራቴ፣ ያንን ቡችላ ማን አልሽው?"

"ደከመኝ ነው ስሙ፣ አባባ።"

እኔ በአጥሩ ወዲህ ዶሮ ስመግብ ነበር፤ ቆምኩ። ሴኩሩ ሻያቸውን ፉት አሉ፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

"ጥሩ ስም ነው" አሉ። "ለማስታወስ ይቀላል።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈራችን ቲያትር ቤት ሆነ። ውሃ ስትቀዳ "ደከመኝ! ና! ደከመኝ!" ድስት ስታጥብ "ደከመኝ! ና!" ውሻው እግሯ ሥር ቆሞም ትጠራዋለች። ጉድጓዱ ጋ የሚሰለፉት ሴቶች እየሰሙ ጎን ለጎን ይጎሻሸማሉ። ሴኩሩም የዋዛ አይደሉም፤ ለውሻው ነው የሚመልሱት። "ደከመኝ፣ እስቲ ና ወዲህ" ይሉታል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "አንተ ገና ስምንት ወርህ ነው። ምን ሠርተህ ነው? እኔ በአንተ ዕድሜ ጅብ አባርር ነበር።" ከወጥ ቤት ውስጥ የማይ ቼንጌቶ የታፈነ ሳቅ ይሰማል። አንድም ቀን ፊት ለፊት ክፉ ቃል አልተለዋወጡም፤ ጭቅጭቁ ሁሉ በውሻው ጆሮ ነው ያለፈው። እኔ ይሄንን እንደ ብልሃት ቆጥሬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያወራሁ እኮራበት ነበር።

ግን ቃል በየቀኑ ሲባል ይላላል። በመጀመሪያ ሰሞን የሚቆረቁረን ስም በዓመቱ እንደ ዶሮ ጩኸት ሆነ። ሰማነው እንጂ አናዳምጠውም ነበር።

በጥቅምት ጤና ጣቢያ ሸኘኋት። ነርሷ ወጣት ናት፣ ፈጣን።

"እንዴት ነሽ እናቴ?"

"ደህና ነኝ፣ እናንተ ደህና ከሆናችሁ" አለች ማይ ቼንጌቶ፣ በወጉ፣ እጇን እያጨበጨበች።

ነርሷ የግፊት መለኪያውን አየች፣ ደግማ ለካች፣ ደግማ አየች። "እናቴ፣ እኔ ደህና ነኝ። አንቺ ግን ደህና አይደለሽም። ክኒኑን በሰዓቱ ትወስጃለሽ?"

"እወስዳለሁ።"

"ታርፊያለሽ?"

"አርፋለሁ።"

መንገድ ላይ ያዝኳት። "እውነት ታርፊያለሽ?"

"አዎ። ዩኒፎርም ሲያልቅ።"

"ዩኒፎርም መቼ ነው የሚያልቀው?"

"የካቲት ላይ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም!"

ቆመች። ፊቷ ላይ የማውቀው ፈገግታ መጣ፤ ይህ ፈገግታ ሲመጣ ክርክሩ አበቃ ማለት ነው። "ማይ ንያራይ፣ ምኑን ደበቅሁት? በቀን ሃምሳ ጊዜ እየጮህኩ እናገር የለም እንዴ?"

ሳቅኩ። በዚያን ሰዓት እጇን ጨብጬ ወደ ሴኩሩ ብወስዳት ኖሮ፣ ወይም ለባሏ ብደውልለት ኖሮ! አላደረግሁትም። ምላሴ ጤፍ ይቆላል የሚሉኝ ሰዎች ያን ቀን ምላሴ የት እንደነበረ ቢጠይቁኝ ሳቅ ላይ ነበር እላቸዋለሁ።

ጥር ገባ። ትምህርት ቤት ሊከፈት አሥር ቀን ቀረው። የማይ ቼንጌቶ በር ላይ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይሰለፋሉ፤ ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም። የማሽኗ ድምፅ ከጧት እስከ ማታ አያቋርጥም። ደከመኝ ደግሞ ጉርምስና ላይ ነው፤ የተቆረጠ ጨርቅ ጎትቶ መንገድ ላይ ሲሮጥ አየነው። ስለዚህ ጧት ጧት ራሷ በገመድ ማንጎው ላይ ታስረው ጀመረች።

ማክሰኞ ነው፣ ከቀትር በኋላ። እኔ የሰርግ ትእዛዝ ነበረብኝ፤ እስከ ክርኔ ላባ ለብሼ ዶሮ እነጫለሁ። ሴኩሩ ማንጎው ሥር ተቀምጠው የደከመኝን ራስ ጭናቸው ላይ አስተኝተው መዥገር ይለቅሙለታል። ከመኝታ ክፍሏ መስኮት ድምፅ መጣ።

"ደከመኝ!"

"እኔም!" ብዬ ጮህኩ፣ ዶሮዬን እያገላበጥኩ። በራሴ ቀልድ ራሴ ሳቅሁ።

ጥቂት ቆይቶ እንደገና፣ ዝቅ ብሎ፣ "ደከመኝ።"

"ሰማንሽ አንቺ ሴትዮ! ሰፈሩ ሁሉ ሰማሽ!"

ሴኩሩ መዥገር መልቀማቸውን ተዉ። ቀና ብለው እንደ አዳኝ ጆሯቸውን ወደ ቤቱ አዞሩ።

"ማይ ንያራይ።"

"አቤት ሴኩሩ።"

"ውሻው እኔ ጋ ነው።"

"ይልቀቁላት እንጂ ታዲያ።"

"ታስሯል። ያሰረችው እሷው ናት። እንደታሰረ ታውቃለች።" ተነሡ። "ደግሞ 'ና' አላለችውም። ማንን ነው የምትጠራው?"

እኔ ገና አልገባኝም ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ሴኩሩ በወጥ ቤቱ በር ሲገቡ፣ በሩ ክፍት ስለነበር፣ በአጥሩ አሻግሬ አየኋቸው። መኝታ ክፍሏ ደጃፍ ላይ ቆሙ። እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ። "ምራቴ" አሉ። መልስ የለም። ባርኔጣቸውን አወለቁ። በአራት ዓመት ውስጥ ጭንቅላታቸውን ያየሁት ያኔ ነው፣ መላጣ ነው። በሩን ገፍተው ገቡ።

እኚያ ሰው ያንን በር ከገቡ አንድ ነገር ሆኗል። ዶሮዋን ጥዬ ሽቦውን ዘለልኩ፤ ቀሚሴ ተቀደደ፣ ዞር ብዬ አላየሁትም።

ማይ ቼንጌቶ ከማሽኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ተደግፋለች። ከአፍንጫዋ ደም ይወርዳል። እግሯን ልታዘው አልቻለችም፣ ዓይኗ ይንከራተታል። ማሽኑ ላይ ያለቀ ነጭ ሸሚዝ አለ። በአንድ እጇ ደሙን በራሷ ቀሚስ ትቀበላለች፣ በሌላው ሸሚዙን ወደዚያ ትገፋለች። አንድ ጠብታ አልነካውም። እኔን ስታይ "ማይ ንያራይ፣ ሸሚዙን አንሺልኝ" አለችኝ። እግዚአብሔር ይመስክርብኝ፣ ሌላ ምንም አላለችም።

ሴኩሩ ራሷን ጭናቸው ላይ አስደግፈው ይዘዋታል፣ ከደቂቃ በፊት የውሻ መዥገር በለቀመው በዚያው እጃቸው። እኔ መንገድ ወጥቼ እጄን እያወናጨፍኩ አንድ ሚኒባስ አስቆምኩ፤ እስከ ክርኔ ላባ ነኝ፣ ያበድኩ ሳልመስለው አልቀርም። ሹፌሩ ነገሩን ሲሰማ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞሮ "ውረዱ" አላቸው፤ ሁሉም ሳያጉረመርሙ ወረዱ። ጉድጓዱ ጋ ከተሰለፉት ሴቶች አራቱ ተሸክመው አስገቧት። በሰፈሬ ሁሌም እኮራለሁ፣ ያን ቀን ግን ከሁሉም ጊዜ በላይ።

ሆስፒታል ውስጥ "ምኗ ነዎት?" ሲሏቸው ሴኩሩ "አባቷ ነኝ" አሉ። ግፊቷ ጣሪያ ነክቷል አሉን፤ ትንሽ ብንዘገይ አንድ ጎኗ ይቀር ነበር አሉ። ሐኪሙ እስኪወጣ ጠብቄ መተላለፊያው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። "እኔም!" ብዬ የመለስኩላት ነገር ዛሬም ይሰማኛል። እሷ ልትሞት ስትጣራ እኔ ቀለድኩ። ይቅርታ ጠየቅኋት፣ "አንቺ ምን ታውቂያለሽ" አለችኝ። አውቅ ነበር እኮ። ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሦስት ቀን ተኛች። ባሏ የሉቡምባሺ መንገድ ላይ ነበር፣ ቼንጌቶም ቀድሞ ወደተከፈተው አዳሪ ትምህርት ቤቷ ተመልሳለች፤ እነዚያን ሦስት ቀን ቤቷን እኔ ያዝኩ። ሰባት ልጅ ያሳደግሁ ሴት ነኝ፣ ምን ይበግረኛል ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ጧት ውሃ ቀዳሁ፣ የውሾቹን ሳድዛ ሳገነፋ ድስቱ አረረብኝ፣ አትወዱኝም ዓይን ዓይኔን እያየ ሳይበላ ተወው። ድመቷ ዓሣውን ስላልለየሁላት ጀርባዋን ሰጠችኝ። ግቢ ጠርጌ፣ አንሶላ አጥቤ፣ አሰጥቼ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ ዘፍ አልኩ። ገና መርፌ አልነካሁም፣ ገበያ አልሄድኩም። ይቺ ሴት ይህን ሁሉ አድርጋ ነው ከዚያ በኋላ ቁጭ ብላ ሽንሽን የምታሰምረው! እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጬ በጎረቤቴ ኮራሁ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

እናቶቹ መጡ። ሠላሳ ምናምን ዩኒፎርም ሳይሰፋ ቀርቷል፤ ትምህርት ቤት ሰኞ ይከፈታል። አንዷ ትጮህብኛለች ብዬ ወገቤን ይዤ ጠበቅሁ። የማይ ቼንጌቶን ነገር ነገርኳቸው። ከዚያ አንዷ፣ ያቺው "ጨርቄን በላሽው" ባይዋ፣ "የአምና ቀሚስ ውስጥ ሦስት ጣት አለን እኮ" አለች። ተያዩ። ቅዳሜና እሑድ በዳንጋምቩራ ስንት ቤት ውስጥ የአምናው ጠርዝ እንደተፈታ እኔ አላውቅም። ሰኞ ጧት መንገድ ላይ ቆሜ ልጆቹን አየኋቸው። ከቀሚሳቸው ግርጌ ፀሐይ ያልነካው ጨርቅ እንደ አዲስ ይታያል። አንድም ልጅ ዩኒፎርም አጥቶ ቤት አልቀረም።

እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት ከዚያ በፊት ስለነበረው ቅዳሜ ነው። ዓርብ ማታ ከሆስፒታል ወጣች፤ አንድ ወር ሙሉ እንድታርፍ ታዝዟል። ቅዳሜ በማለዳ ዶሮዎቼን ልፈታ ስወጣ ሴኩሩ ማንዴያን በራፋቸው ላይ አየኋቸው። ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ባርኔጣቸውን ደፍተዋል። ሻንጣቸው መሬት ላይ ነው። ሦስቱም ውሾች በአንድ ገመድ ታስረው እጃቸው ላይ ናቸው።

"ሴኩሩ፣ ወዴት ነው?" አልኳቸው።

"ንያንጋ። የመጀመሪያው አውቶብስ ሳያመልጠኝ።"

"እሷ ታውቃለች?"

"ስትነሣ ንገሪያት።"

አልተኛችም ነበር። በሩ ተከፈተና ማይ ቼንጌቶ ወጣች። በእጇ ባዶ ባልዲ ይዛለች። ወር እረፍት የተባለችው ሴት ውሃ ልትቀዳ ነው የተነሣችው! ልጮህባት አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ግን ሴኩሩን አየቻቸው። ባልዲውን አስቀምጣ ተንበረከከች።

"አባባ፣ ይሄ ሻንጣ ምንድን ነው?"

"ወደ ቤቴ ልመለስ ነው፣ ልጄ።"

"ቤቱ እኮ ጣሪያ የለውም። ማን ያበስልልዎታል?"

"እሱን ለኔ ተዪው።" የውሾቹን ገመድ እጃቸው ላይ ጠመጠሙ። "ሰማሁሽ እኮ፣ ምራቴ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ስሙን የነገርሽኝ ቀን ሰማሁሽ። ደንቆሮ አይደለሁም። ቀልድ አድርጌው ሳቅሁ፤ ስስቅ ቀለለኝ። አንድ ሽማግሌና ሦስት ውሻ ሆነን ልንገድልሽ ነበር። ስንሄድ ታርፊያለሽ።"

ከመንገዱ ማዶ ጉድጓዱ ጋ የተሰለፉት ሴቶች ፊታቸውን ወደኛ አዙረዋል። ሁሉም ይሰማል፤ ምኑን ልደብቃችሁ፣ እኔም ሽቦው ላይ ተለጥፌያለሁ። እኚህ ሰው ከሄዱ ክረምቱን ብቻቸውን አያልፉትም፤ ከቀሩና ነገሩ እንደ ድሮው ከቀጠለ ደግሞ እሷ አታልፈውም። ይህን ለመቁረጥ ምራት ለአማቷ ተናግራው የማታውቀው ነገር መነገር ነበረበት። እሷ ደግሞ መሬት ላይ ተንበርክካለች።

ከዚያ ተነሣች። ግድግዳውን ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። በአራት ዓመት ውስጥ ቆማ ስታናግራቸው አይቻት አላውቅም።

"ደክሞኛል፣ አባባ" አለች። "ለውሻው አይደለም፣ ለእርስዎ ነው የምናገረው። በጣም ደክሞኛል። ብቻዬን አልቻልኩትም።"

ሴኩሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሱን ነው የምልሽ። ስለዚህ እሄዳለሁ።"

"እርስዎ ቢሄዱ ሥራው አይቀንስልኝም። ሐሳብ ነው የሚጨመርብኝ። በሉ አይሂዱብኝ።"

ጎንበስ ብላ ባልዲውን አነሣችና ዘረጋችላቸው።

"ውሃ ይቅዱልኝ" አለቻቸው።

በሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት "ኡ!" ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ምራት አማቷን ውሃ ላከች፣ ያውም በአደባባይ፣ ያውም ማንዴያን። ሴኩሩ ባልዲውን አዩት። እሷን አዩ። ከዚያ የውሾቹን ገመድ በሩ ላይ አሰሩ፣ ኮታቸውን አውልቀው ሻንጣው ላይ አኖሩት፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ጠቀለሉ። ባልዲውን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት፣ ትልቅ ስጦታ እንደሚቀበል ሰው።

መንገዱን ተሻገሩ። ከእሳቸው በቀር በሰልፉ ላይ ወንድ የለም። ሴቶቹ ደንግጠው ለሽማግሌ ክብር ወደ ግራና ቀኝ ተከፈሉላቸው፤ ፊተኛዋም "ይቅደሙ ሴኩሩ፣ ይቅደሙ" እያለች ጀሪካኗን ጎተተች።

"የለም፣ ልጆቼ፣ ተራዬን እጠብቃለሁ" አሉ፣ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ምራቴ ናት የላከችኝ።"

ባልዲያቸውንም ከመጨረሻዋ ሴት ባልዲ ኋላ አስቀምጠው ቆሙ።